«አናውቃትም» ያለው ሰፈር

ስልኩ የጠራው ብሩክታይት የዞኑ ግብርና ቢሮ ውስጥ ካርታ ላይ አጎንብሳ እያለች ነው። ቁጥሩ አይታይም። የዚያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ቁጥሩን ደብቆ የሚደውል ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው ወይ መንግሥት። ብሩክታይት ውጭ አገር ዘመድ የላትም።

«ብሩክታይት ቶማ?»

«አቤት።»

«የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሻል። የፊታችን ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ደብረ ዘይት ለቃለ መጠይቅ ትቀርቢያለሽ። እስከዚያ ለማንም አትናገሪም፤ ለዘመድም፣ ለጓደኛም። ስለ አንቺ እናጣራለን።»

ሰውየው ስልኩን ዘጋ። የልቧ ምት ግን አልዘጋም፤ ከዳሞታ ተራራ ጋር ተላትሞ አረካ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሥራው የአየር ኃይል የመረጃ ተንታኝነት ነው። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ፣ ራዳር የያዘው ነጥብ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ወሬ ፊትሽ ይዘረጋና «ይሄ ሁሉ ምን ማለት ነው?» ትባያለሽ። ለዚህ ደግሞ ከብሩክታይት የተሻለ ሰው በእናት ሆድ ገና አልተፀነሰም። ጂኦግራፊ ተምራለች፤ ካርታ በማንበብ ከሐዋሳ እስከ ጂንካ የሚደርስባት አልነበረም። ወንዝ የት ጋ እንደሚታጠፍ ለራሱ ለወንዙ ልትነግረው ትችል ነበር። የግብርና ቢሮው የኮንትራት ሥራዋ ግን በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያላት ይኸው አንድ የደብረ ዘይት በር ነው።

ያስፈራት ቃለ መጠይቁ አይደለም። «እናጣራለን» የምትለዋ ቃል ናት። ዘመኑ አንድ ለአምስት በየሰፈሩ የተደራጀበት፣ ማን ከማን ጋር እንደዋለ፣ ማን በማን እንደሳቀ የሚታወቅበት ዘመን ነው። ተጣርቶ የወደቀ ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው ይባል ነበር፤ ስሙ የሆነ ቦታ ይቀመጥና ከዚያ ወዲያ የወረዳ ዘበኛ ሆኖ እንኳ አይቀጠርም። እውነት ይሁን ውሸት የጠየቀ የለም። መጠየቁ ራሱ ያስፈራል።

ለእናቷ ለወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻ ነገረች። ካልነገረቻት ደብረ ዘይት እንዴት ትሂድ? ጥሩነሽ የቤተ ክርስቲያኑ የእናቶች ጸሎት ቡድን መሪ ናት፤ ስትጸልይ ዝናብ ይመጣል፣ ስትቆጣ ይቆማል የሚሏት ሴት።

«ለማንም?» አለች እናት።

«ለማንም፣ እማ።»

«የእናት ሆድ ጉድጓድ ነው ልጄ። አንዴ የገባ አይወጣም።»

በማግስቱ ከቤሌ በተነሳው በመጀመሪያው አውቶቡስ የጥሩነሽ ወንድም ጋሽ ባዳቾ ሙዝ በግንዱ ተሸክሞ ከተፍ አለ። በሩ ላይ እንደቆመ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማለትም ሦስት ግቢ ብቻ በሚሰማው መጠን፣ «የእህቴ ልጅ አየር ኃይል ልትገባ ነው አሉኝ» አለ።

ብሩክታይት ጎትታ አስገባችው። «ማን ነገረዎት ጋሼ?»

«እናትሽ። ለማንም እንዳትናገር ብለሻታል፤ እኔ ደግሞ ማንም አይደለሁም። አጎት ነኝ።»

ባዳቾ በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት ብዙ ዓመት አገልግሏል። እሱ እንደሚለው የእሱ እጅ ጎማውን ሳይነካው የበረረ ሚግ ተዋጊ አውሮፕላን የለም። ቤሌ ያሉ ጎረቤቶቹ እንደሚሉት ደግሞ ድንች ሲልጥ ነው የኖረው። የሆነ ሆኖ ከአቮካዶው ዛፍ ስር ወንበር አስወጥቶ፣ የእህቱን የጸጉር ሻሽ እንደ መለዮ ዘንበል አድርጎ ደፍቶ፣ ልጅቷን ቃለ መጠይቅ ያለማምዳት ጀመር።

«ስትገቢ አትቀመጪ። ቁጭ በይ ሳይሉት የሚቀመጥ ሰው ይጠረጠራል። ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ አትመልሺ፤ መጀመሪያ ምራቅሽን ዋጪ።»

«ምራቅ ባይኖረኝስ?»

«የዋጥሽ ምሰዪ። እሺ፣ የጠላት አውሮፕላን ከሰሜን መጣ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔ ምንም አላደርግም። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሳ፣ ነዳጁ የት ድረስ እንደሚያደርሰው አስብና ለአለቃዬ እነግራለሁ።»

«አንቺ ስታስቢ ሶዶ ወደመች።»

«ሥራው እኮ ማሰብ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ከሶዶ ራቅ ብለሽ አስቢ።» ከዚያ ሻሹን አውልቆ አያት። «ስለ አንቺ የሚጠይቁት ማንን ነው?»

«ጎረቤት።»

«ጎረቤት ምን ይላል?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነባት። የጎረቤቷን የፈጠነችን ግቢ ስታልፍ ባለፈው ዓመት በዶሮ የተጣሉት ትዝ ይላታል፤ ሰላምታዋን በእጥፍ ታስረዝማለች። ኤርሳዶ የአንድ ለአምስታቸው ሰብሳቢ ነው፤ ከስብሰባ ሁለት ጊዜ ቀርታበታለች። ወዳጆቿን ስትቆጥር አነሱባት፤ የሚያኮርፏት ግን እስከ ቦዲቲ የተሰለፉ መሰላት።

እሁድ መጣ።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ደንብ፣ ከስብከቱ በፊት ሽማግሌው ተነሥቶ የጸሎት ርዕስ ያለው ካለ ይጠይቃል። ያለው ይነሣል፣ ጉዳዩን ለጉባኤው ይናገራል፣ ጉባኤው ተንበርክኮ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃል፣ ጮክ ብሎ ይጸልያል። የታመመ ተጠራ። ፈተና የሚወስድ ተጠራ። ዲምቱ ላይ የጠፋች ላም ተጠራች። ከዚያ ጥሩነሽ ነጭ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ብሩክታይት እናቷ ስትነሣ ገና የሚመጣውን አወቀች፤ ነጠላዋን ልትጎትት እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰም።

«ወገኖቼ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ» አለች ጥሩነሽ። ሦስት ሺህ ሰው ወደ ብሩክታይት ዞረ። «ሥራ ልትገባ ነው። የሥራው ዓይነት አይነገርም። በሰማይ በሚበሩት ዘንድ ነው።»

«በመላእክት?» አለ አንድ አዛውንት ቀስ ብሎ።

«በአውሮፕላኖቹ» አለች። «ሰኞ ሳምንት ደብረ ዘይት ትጠየቃለች። ነገሩ ምስጢር ነው። ከወጣ ልጄ ጠፋች። ሰዎች መጥተው ስለ እሷ ይጠይቃሉ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ጸልዩልኝ።»

ጉባኤው ተንበረከከ። የዚያን ዕለት የተጸለየውን የመሰለ ጸሎት ሶዶ ከተማ ሆና ከተቆረቆረች ወዲህ አልተሰማም፤ የጣራው ቆርቆሮ ከነማገሩ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። «የብሩክታይትን ነገር ሰውርልን» ይላል አንዱ። «የአየር ኃይሉን ነገር ማንም አይወቅ» ይላል ሌላው። ሽማግሌው ደግሞ የሚጸልየው በማይክሮፎን ነው። ጣራው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ የልጅቷን ምስጢር ወስዶ ለገበያው፣ ለመናኸሪያው፣ ለሆስፒታሉ በሽተኞች ሳይቀር አደለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይሄስ አፋፉንም አልፎ ሄደ።

ብሩክታይት መጨፈን አቅቷት ዓይኗን ገለጠች። ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወንበር ላይ ደፍቷል። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ቡኒ ጃኬት የለበሰ ሰው ብቻ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ዓይኑ ክፍት ነው። አይታው አታውቅም። ጫማው ላይ የሶዶ ጭቃ የለም።

ስትወጣ ፈለገችው። የለም።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?» አለቻት መንገድ ላይ።

«ምን አደረግሁ? ምስጢር በሰው ጉልበት አይጠበቅም። አሁን ሦስት ሺህ ሰው እየጠበቀልሽ ነው።» ፊቷ በርቷል። 

ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ የምስጢር ተባባሪ ሆነ። የማታውቀው ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ «አይዞሽ፣ እኛ ምንም አልሰማንም» ብሏት ያልፋል። የመዘምራኑ ማክዳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሳታወራት ትሄዳለች። ዲምቱ ያለች አክስቷ ደወለችና «ጾም ይዘናል፤ ለምን እንደሆነ ግን በስልክ አልነግርሽም» አለቻት። ፈጠነች እንኳ የዶሮውን ነገር ትታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ቢገድሉኝ አልናገርም» አለች። ብሩክታይት ገበታ እየገፋች ትነሣ ጀመር። የምትበላው የለም፤ የሚበላት ግን ነበር።

ሐሙስ ዳሞታ ወጣች። ለዝግጅቷ ብላ ነው፤ ቦታን ከላይ ማንበብ በመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ከተራራው ወገብ ላይ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠችና ከተማዋን እንደ ፎቶ አነጠፈቻት። መናኸሪያው ውስጥ የሻሸመኔው አውቶቡስ እየሞላ ነው፤ ጣራው ላይ ዕቃ የሚጭኑት ቆመዋል። በአርባ ምንጭ መንገድ ሦስት አይሱዙ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ስለማይዘገዩ ባዶ ናቸው። ጭስ የሚወጣበት ግቢ ሰው አለበት፤ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ የዋለበት ሰው የለበትም። ለአንድ አፍታ ፍርሃቱ ተወት አደረጋት። ይህን ስትሠራ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ለዚህ ነው ሥራውን የወደደችው።

ከዚያ ዓይኗ የራሷ ሰፈር ላይ ወደቀ። አንዲት ባጃጅ ቆማለች። አንድ ሰው ወርዶ የፈጠነችን በር አንኳኳ፤ ወዲያው ተመለሰ። ባጃጇ ትንሽ ሄደች፤ ቆመች። የኤርሳዶን በር አንኳኳ፤ ተመለሰ። ሶዶ ውስጥ ባጃጅ በየበሩ የሚያስጠብቅ ሰው የለም፤ የራሱ ያልሆነ ገንዘብ የያዘ ካልሆነ። የሰውየው ጃኬት ቡኒ ነው።

እሱ መሆኑ አይደለም ያስደነገጣት። መፍጠኑ ነው። ሶዶ ውስጥ ሰው ስለ ሰው ተጠይቆ ቆሞ አይመልስም። ወንበር ያወጣል፣ ውሃ ያቀርባል፣ ከልጅቷ ጀምሮ እስከ ቅድመ አያቷ ይተርካል። መጥፎ የሚያወራ ሰውማ ጭራሽ ራት ሳያበላ አይለቅም። በየትኛውም በር ወንበር አልወጣም። ሰውየው ያንኳኳል፣ በሩ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል። ብሩክታይት ያየችውን አነበበችው፤ ባታነበው ግን ትወድ ነበር።

ከዳሞታ የወረደችበትን ፍጥነት ፍየል አይቶት ቢሆን ኖሮ ያፍር ነበር። ሰፈር ስትደርስ ባጃጇ የለችም። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው የጋሽ ኃይለየሱስ ሱቅ ገባች። ኃይለየሱስ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ የከበረ ሰው ነው፤ ከምስማር እስከ ስኳር ይሸጣል። ብሩክታይትን ከረሜላ እየሰጠ ነው ያሳደጋት። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሰው ባይሆንም ድምፅ ማጉያው ሃይማኖት አይለይም።

«መጥቶ ነበር» አላት ወዲያው፣ ደረቱን ነፍቶ። «ብሩክታይት ቶማ የምትባል ልጅ ታውቃለህ አለኝ። አላውቅም አልኩ።»

«ጋሼ…»

«ጠብቂኝ። እናቷ ጥሩነሽ ትባላለች አለ። እዚህ ሰፈር ጥሩነሽ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም አልኩ። ታዲያ ይሄ ፊት ለፊትህ ያለው ቤት የማን ነው አለ።»

«ምን አሉት?»

«ቤት የለም አልኩት።»

«ቤቱ እኮ ይታያል ጋሼ።»

«እኔም አየሁት። ግን አንዴ ጀምሬያለሁ።» ሚዛኑን ጠረግ ጠረግ አደረገ። «ጴጥሮስ ሦስቴ ነው የካደው። እኔ ከዚያ አላነስኩም። ኤርሳዶም ፈጠነችም እንዲሁ ነው ያሉት፤ ጠይቄያቸዋለሁ። አንድም ሰው አልከዳሽም።»

 የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ሴት አየር ኃይሉ ዘንድ ቀርባ ፎቶና ካርታ ላንብብላችሁ ብላለች። ኖርኩበት ያለችው ሰፈር አያውቃትም። እናት የላትም፣ ቤት የላትም። እንዲህ ያለችው ሴት በዚያ ዘመን አንድ ስም ብቻ ነበራት፤ ሰላይ።

ሰውየውን ልትደርስበት መናኸሪያ ሮጠች። የሻሸመኔው አውቶቡስ ወጥቷል።

ባዳቾ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ዝም አለ። ባዳቾ ዝም ሲል ከተወለደ መጀመሪያው ነው፤ የአቮካዶው ዛፍ እንኳ ቅጠሉን ያዝ አደረገ። «አትሂጂ» አላት በመጨረሻ። «ቤሌ እወስድሻለሁ። ከቤሌም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚስቴ አገር አለ፤ መኪና አይደርስበትም። እስኪረሱሽ ተቀመጪ።»

«ከቀረሁ እኮ እውነትም የለሁም ማለት ነው።»

«ከሄድሽስ?»

ሻንጣዋን አዘጋጀች። ሰፈሩ አናውቃትም ማለቱን ለእናቷ ሳትነግር ሄደች።

ደብረ ዘይት የገባችበት ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ከኋላው ጸጉሩ ገብስማ የሆነ መኮንን፣ ፊቱ የተዘጋ ፋይል። ቁጭ በይ አላላትም። ቆመች። ከውጭ የአውሮፕላን ሞተር ይጮሃል፤ ወይም ጆሮዋ ነው፤ አልለየችም።

«ለማን ነገርሽ?» አላት። ስሟን እንኳ አልጠየቀም።

ምራቋን ልትውጥ ሞከረች፤ የለም። «ለማንም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ዝግጁ ሆኖ ተቀምጧል። እውነቱን ብትናገር እናቷ ቤት ሄደው ቢያንኳኩስ? ይሄኛው ፍርሃት ከሌላው ሁሉ የከፋ ነበር፤ ሌላው ለራሷ ነው። ግን ይህ ሰው እያነበባት ነው። በውሸት ብትጀምር ቀጥሎ የምትናገረውን ሁሉ በዚያች ውሸት ነው የሚያነበው።

«ለአንድ ሰው። ለእናቴ።»

«እናትሽስ?»

«ለእግዚአብሔር።»

«በሹክሹክታ?»

«ጮክ ብላ። ከዚያ በድምፅ ማጉያ ተጸለየ።»

መኮንኑ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻላት ነበር። ፋይሉን ገለጠ። «የኛ ሰው ሰፈርሽን አዳርሷል። የጠየቃቸው ሁሉ አናውቃትም ብለዋል። አንድ ባለ ሱቅ ቤትሽ ፊት ለፊት ቆሞ ቤቱን የለም ብሏል። ይህ መረጃ ጠረጴዛሽ ላይ መጣ እንበል። ሴትየዋ አንቺ እንደሆንሽ እርሺው። ምን ትደመድሚያለሽ?»

 ዓይኗን ጨፈነችና ሰፈሩን ከዳሞታ ላይ እንደገና አየችው፤ በሮቹ ሲከፈቱ፣ በሮቹ ሲዘጉ።

«አንድ ሰው አላውቃትም ቢል ላያውቃት ይችላል» አለች።  «የዚያ አገር ሰው ግን የማያውቀውን ሲጠየቅ የእገሌ ልጅ ትሆን እንዴ ብሎ ይገምታል። እንግዳውን ይዞ ጎረቤት ሄዶ ያጠያይቃል። ማንም ካልገመተ፣ ማንም ወንበር ካላወጣ፣ ሁሉም በአንድ ቃል በሩን ከዘጋ፣ ሴትየዋ አለች። ሊጎዷት ቢፈልጉ ብዙ ያወሩ ነበር፤ ዝም ያሉት ሊጠብቋት ነው። ፎቶ ላይም እንዲሁ ነው። አንድ ሜዳ ከአካባቢው ሁሉ ተለይቶ ባዶ ሲሆን፣ እዚያ የተሸፈነ ነገር እፈልጋለሁ።»

መኮንኑ ፋይሉን ዘጋ።

«የኛ ሰው የዚያን እሁድ ጉባኤው ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ነበር» አላት። «አሁን ለማንም አልተናገርኩም ብለሽ ቢሆን እዚህ ድረስ አንነጋገርም። አንድ ነገር ቀርቷል። ነገ ቤትሽ ስትገቢ እናትሽ ምን ሆነ ትልሻለች። ምን ትያታለሽ?»

ባዳቾ ካለማመዳት ጥያቄ ሁሉ መካከል ይህ አልነበረም። መስኮቱን አየች። ፈተናው ይህ መሆኑ ገባት፤ ሌላው ሁሉ መንደርደሪያ ነው።

«አልተሳካም እላታለሁ።»

«ስትቀጠሪስ?»

«አዳማ፣ ካርታ የሚሠራ ድርጅት።»

«ታምንሻለች?»

«ዋሽቻት አላውቅም» አለች ብሩክታይት።

መኮንኑ ብዕሩን አነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ወንበሩን በእጁ አሳያት፤ «ቁጭ በይ።»

በማግስቱ ሶዶ ስትገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከሻሸመኔ ጀምሮ መስታወቱ ላይ ፊቷን እያየች ወድቆ የሚመለስ ሰው ፊት ስትለማመድ ነበር። ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው። ጎረቤት የለም፤ ምስጢር ስለሆነ ሁሉም በየአጥሩ ቀዳዳ ነው የሚያየው።

«እህስ?»

«አልተሳካም፣ እማ።»

እናቷ ፊቷን አየችው። ይህች ሴት ልጇ ገና ሳትታመም ትኩሳቷን የምታውቅ ናት። ብሩክታይት ትንፋሿን ይዛ ቆመች።

«ምስጢሩ ወጥቶ ነው?» አለች ጥሩነሽ።  «ከእኔ ነው?»

«አይደለም። ቦታው ሞልቶ ነው።»

«እንግዲህ የሱ ፈቃድ ነው» አለች እናቷ፤ ሻንጣዋን ተቀበለቻትና ወደ ቤት አስገባቻት። የቦይና ሥር ቀቅላ፣ ለማጣቀሻው የሚያቃጥል ዳታ ፈጭታ ቆይታለች። አቀረበችላት፤ አጠገቧ ተቀመጠችና ጀርባዋን እያሻሸች ስለ ሌላ ሥራ፣ ስለ ወረዳው ማስታወቂያ፣ እግዚአብሔር አንዱን በር ሲዘጋ ምን እንደሚከፍት ታወራት ጀመር። አምናታለች። ምንም ሳትጠረጥር፣ ሙሉ በሙሉ አምናታለች።

ብሩክታይት አንድ ጉርሻ ዋጠች። ውሸቷ እንዲህ በቀላሉ መታመኑ አስፈራት፤ ያን ሁሉ ቀን እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከጠረጴዛው ስር ደበቀችው፤ በሌላኛው እጇ መብላቷን ቀጠለች።